ለሞተር ምራቂ አይጨመርም

አረፋ በከተማ ኑሮ ውስጥ የተከበረ ነገር ነው። ድራፍት ቢራ አናቱ ላይ ሁለት ጣት የሚሆን ነጭ አረፋ ካልያዘ ጠጪው ቅር ይለዋል፤ የማኪያቶ አረፋ ከሟሸሸ አስተናጋጁ ይጠየቅበታል፤ የልብስ ሳሙናም ቢሆን ቆሻሻ ማስለቀቁ ከመመርመሩ በፊት ሳፋውን በአረፋ መሙላቱ ይታያል፣ በዚህ ፈተና የወደቀ ሳሙና ደግሞ ሸሚዙን አንጽቶ ቢያወጣ እንኳ በእናቶች ዘንድ ይቅርታ አያገኝም። አረፋ በየቤቱና በየቡና ቤቱ እንዲህ ተቀማጥሎ ሲኖር፣ ጨርሶ የማይፈለግበትና በበሽታነት የሚቆጠርበት አንድ ስፍራ አለ፤ እርሱም የመኪና ሞተር ሆድ ነው። የሚያስደንቀው ግን ይህ የተጠላ አረፋ ብዙውን ጊዜ ወደ ሞተሩ የሚገባው በፍቅር መሆኑ ነው፤ ባለመኪናው ሞተሩ እንዳይጠማ ሲል፣ መካኒኩም በደንበኛው እንዳይጠረጠር ሲል፣ ከልኩ በላይ የሚያፈሱት ዘይት አረፋ ሆኖ ይመለስባቸዋል።

የሞተር ዘይት ሥራው ብዙ ነው። ብረት በብረት ላይ ሲሽከረከር እንዳይፋጭ በመካከል ገብቶ ስስ ሽፋን ይሆናል፤ ከፒስተንና ከኩሽኔታ የሚወጣውን ሙቀት ተሸክሞ ይሄዳል፤ ነዳጅ ሲቃጠል የሚቀረውን ጥላሸት አጥቦ ይዞ ይወርዳል፤ በብዙ ዘመናዊ ሞተሮች ውስጥም በግፊቱ ኃይል የቫልቮችን አከፋፈት የሚያስተካክሉ ክፍሎችን ያንቀሳቅሳል። ማረፊያው ከሞተሩ ሥር የተገጠመውና መካኒኮች ኮፓ የሚሉት ገንዳ ሲሆን፣ ፓምፑ ከዚያ በወንፊት በኩል እየሳበ በፊልትሮ አሳልፎ ወደ ላይ ይልከዋል፤ ሥራውን የፈጸመውም ዘይት እየተንጠባጠበ ወደ ኮፓው ይመለሳል። ይህን መንገድ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ደጋግሞ የሚመላለስ፣ በጉዞውም የሚረጭ፣ የሚፈናጠርና ከከፍታ የሚወርድ ፈሳሽ ከአየር ጋር አለመገናኘት አይችልም፤ ስለዚህ ዘይቱ አየር አገኘ ወይስ አላገኘም የሚለው ጥያቄ ከንቱ ነው፤ ጠቃሚው ጥያቄ ያገኘውን አየር መቼ ይለቅቃል የሚለው ነው።

የቅባት ባለሙያዎች በዘይት ውስጥ የሚገኘውን አየር እንደ አኗኗሩ ይለያዩታል። በመጀመሪያ የሟሟ አየር አለ፤ ይህ በዓይን የማይታይ፣ በዘይቱ ቅንጣቶች መካከል ተሸሽጎ የሚኖር ሲሆን፣ በባሕር ወለል ባለው ግፊት ከማዕድን ዘይት ይዘት ከ8 እስከ 10 በመቶ የሚደርስ አየር በዚህ ሁኔታ ሟሙቶ ይገኛል። ባለመኪናው 4 ሊትር ዘይት ገዝቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሳያውቀው ከአንድ ሊትር አየር ሲሶውን ያህል አብሮ ይዞ ይሄዳል፣ በዘመኑ ገበያ ዋጋ ሳይጠየቅበት የተገኘ ዕቃ ቢኖር ምናልባት ይህ ብቻ ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊልያም ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1803 እንዳስታወቀው፣ በፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው የጋዝ መጠን ከላዩ ካለው የጋዝ ግፊት ጋር አብሮ ይጨምራል፣ አብሮም ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች የአየሯ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ በመሆኑም በዚህች ከተማ የቆመ መኪና ዘይት ጅቡቲ ወደብ ላይ ከቆመው ይልቅ በክብደት ያነሰ አየር አሟሙቶ ይይዛል። የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ አየር የሚያጥረው እግረኛ ብቻ አለመሆኑን ማወቅ ለእግረኛው ጥቂት ያጽናናዋል።

የሟሟ አየር በራሱ እምብዛም አይጎዳም፤ ጉዳት የሚጀምረው ከተሸሸገበት ሲወጣ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የተበተነ አየር ይባላል፤ ይህም ከአንድ ሚሊ ሜትር የሚያንሱ ጥቃቅን የአየር ኳሶች በዘይቱ ውስጥ ተሰራጭተው ፈሳሹን ሲያደበዝዙት የሚታይ ነው። አረፋ በትክክለኛ ትርጉሙ ደግሞ እነዚህ ኳሶች ወደ ላይ ወጥተው ከዘይቱ ወለል ላይ ሲከማቹና እርስ በርስ በቀጫጭን የዘይት ግድግዳ ተለያይተው ሲደራረቡ የሚፈጠረው ክምር ነው። የአየር ኳስ ወደ ላይ የሚወጣበትን ፍጥነት ለማስላት የሚያገለግለው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1851 ጆርጅ ገብርኤል ስቶክስ ያቀረበው ሲሆን፣ በዚህ ሕግ መሠረት የኳሱ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ ፍጥነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ስፋቱ ወደ አንድ አሥረኛ ቢቀንስ ደግሞ ፍጥነቱ አንድ መቶኛ ይሆናል፤ ዘይቱ በቀዘቀዘና በወፈረ መጠንም ጉዞው የባሰ ይዘገያል። ትልቁ የአየር ኳስ እንግዲህ እንደታየ ወጥቶ የሚፈነዳ ጯሂ ነው፤ የሚያስፈራው ዝምተኛውና ጥቃቅኑ ነው፤ እርሱ ወደ ላይ ለመውጣት ገና በማሰብ ላይ ሳለ ፓምፑ ስቦ ለሁለተኛ ዙር ይልከዋል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያስገርም አንድ እውነት አለ፤ ፍጹም ንጹሕ የሆነ ፈሳሽ አረፋ አይዝም። ንጹሕ ውኃ ቢመታ የሚታየው አረፋ ወዲያው ይፈነዳል፣ ምንም ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ዘይትም እንዲሁ ነው። አረፋ ጸንቶ እንዲቆም በፈሳሹ ወለል ላይ መሰለፍ የሚወድ፣ በዚህም የአረፋውን ግድግዳ የሚደግፍ ሌላ ንጥረ ነገር መኖር አለበት። የዚህ ጥናት ታሪክ ከመኪና ሞተር በፊት ይጀምራል፤ ቤልጂየማዊው ጆሴፍ ፕላቶ የዓይን ብርሃኑን ካጣ በኋላ በሌሎች ዓይን እየታገዘ የሳሙና ሽፋኖችን መርምሮ፣ ሦስት ሽፋኖች በአንድ መስመር ሲገናኙ ሁልጊዜ 120 ዲግሪ ማዕዘን እንደሚሠሩ እ.ኤ.አ. በ1873 ባሳተመው መጽሐፍ ገለጸ፤ ጀርመናዊቷ አግነስ ፖከልስ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ፣ በወጥ ቤቷ ውስጥ የዕቃ ማጠቢያ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን ቅባት እያጠናች ያገኘችው ውጤት በሎርድ ሬይሊ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1891 ኔቸር በተባለው መጽሔት ለመታተም በቃ። ዕቃ ማጠብ ከምሁር አይጠበቅም የሚሉ ባሎች ይህን የታሪክ ምዕራፍ ቢያነቡት ለቤታቸው ሰላም ይበጃል።

የዘመኑ የሞተር ዘይት ከድፍድፍ ነዳጅ እንደተጣራ በቀጥታ የሚሸጥ ፈሳሽ አይደለም። ጥላሸትን የሚያጥቡ፣ ዝቃጭ እንዳይረጋ በትነው የሚይዙ፣ ዝገትን የሚከላከሉ ልዩ ልዩ ተጨማሪ ንጥረ ነገሮች ይደባለቁበታል፤ ከእነዚህም አጣቢዎቹ በጠባያቸው ለልብስ ሳሙና የቅርብ ዘመድ ናቸው። ዘይቱ ሞተሩን እንዲያጥብ የተሰጠው ችሎታ አረፋ እንዲይዝም ያስችለዋል። ይህን የሚያውቁ የዘይት ፋብሪካዎች አጣቢውን ሲጨምሩ አብረው የአረፋ መድኃኒት ይጨምራሉ፤ ስለዚህ መድኃኒት ወደ ኋላ ይነገራል።

አሁን ወደ ጋራዡ መግባት ያስፈልጋል፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ነውና። ለትናንሽ መኪኖች የሚሆን የሞተር ዘይት በኢትዮጵያ በብዛት የሚሸጠው በባለ 4 ሊትር ጋሎን ነው። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ሞልቶ የሚታየው ቶዮታ ቪትዝ ግን ፊልትሮው ጭምር ሲቀየርለት እንኳ የሚጠይቀው ከ4 ሊትር ያነሰ ዘይት ነው፤ በአንዳንዱ ሞተር ልዩነቱ ከግማሽ ሊትር ይበልጣል። በጋሎንና በሞተር መካከል ያለው ይህ አለመግባባት ለኬሚስት ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ በጋራዥ ውስጥ ግን የተረፈ ዘይት የቴክኒክ ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የክብርና የእምነት ጉዳይ ነው።

ባለመኪናው ዘይቱን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ፣ ጋሎኑን በብብቱ ይዞ መጥቶ፣ ክዳኑ ሲከፈት ዓይኑን ሳይነቅል የሚከታተል ሰው ነው፤ ፊልትሮ ተቀየረ ተብሎ አሮጌው ተጠርጎ እንደተገጠመበት፣ አዲስ ካንዴላ ገዝቶ የጎረቤቱን አሮጌ ካንዴላ ይዞ እንደተመለሰ የሚያወራ ዘመድ የሌለው ባለመኪና የለምና ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጋሎኑ ሥር ጥቂት ዘይት ቢተርፍ ይዞት እንዳይሄድ ጋሎኑ ከኋላ እየተንከባለለ ምንጣፍ ያበላሽበታል፤ ትቶት እንዳይሄድ ደግሞ የራሱ ንብረት በዓይኑ ፊት ለሌላ ሰው ይተርፋል። መካኒኩም በበኩሉ በቃ ቢል ምን እንደሚታሰብበት ጠንቅቆ ያውቃል። «ጋሼ፣ ልኩን ይዟል እኮ» ሲል ደንበኛው ፊቱን አጥንቶ «አንተ ጨምርበት፤ ዘይቱ የኔው ነው» ይለዋል። በዚህ ጊዜ መካኒኩ ስሙን ለማንጻት ጋሎኑን ይገለብጠዋል፤ እስከ መጨረሻው ጠብታ ያንጠፈጥፈዋል፤ ምስክር እንዲሆንም ባዶውን ጋሎን በአየር ላይ ነቅንቆ ያሳያል። ሁለቱ ሰዎች ከሐሜት ነጽተው፣ ተመሰጋግነው ይለያያሉ፤ የሁለቱን ሰላም ዋጋ የሚከፍለው ኮፈን ውስጥ ያለው ሦስተኛው ወገን ነው።

ነገሩን የሚያባብሰው የመጨመር ባህል ነው። በገበያ ውስጥ በርበሬ ተሰፍሮ ካበቃ በኋላ ነጋዴዋ አንድ ጭብጥ ጣል የምታደርገው ምራቂ የመልካም ዝምድና ምልክት ነው፤ በማዕድ ላይም በቃኝ ማለት የሚሰማው ሦስት ጊዜ ከተባለ በኋላ ነው። ልክ ላይ ማቆም በዚህ ልማድ ዓይን ሲታይ ስስት ይመስላል። ከዚህም በላይ ዘይት ሲያንስ ሞተር እንደሚነክስ ከልጅነቱ ጀምሮ ያልሰማ ሰው የለም፤ ሲበዛ ምን እንደሚሆን ግን የነገረው የለም፤ ስለዚህ ዘይት የሚያንስ እንጂ የሚበዛ ነገር ተደርጎ አይታሰብም። አሮጌው ዘይት በሚወርድበት ጊዜ መኪናው በተዳፋት ላይ ቆሞ ከነበረ ወይም ሞተሩ ቀዝቅዞ ከነበረ ደግሞ ከኮፓው ሥር ያልወረደ አሮጌ ዘይት ይቀራል፤ አዲሱ 4 ሊትር የሚፈስሰው በዚህ ቅሪት ላይ ነው።

በኮፓው ውስጥ የዘይቱ ወለል ከፍ ሲል የሚያገኘው ክራንክ ሻፍትን ነው። ክራንክ ሻፍት የፒስተኖችን መውጣትና መውረድ ወደ ዙር የሚለውጠው ወፍራም የብረት ዘንግ ሲሆን፣ በአብዛኞቹ ዘመናዊ ሞተሮች ከዘይቱ ወለል በላይ ሆኖ በባዶ ቦታ ላይ እንዲዞር ተደርጎ የተነደፈ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር በሚዞርበት ጊዜ ይህ ዘንግ በሰከንድ 50 ጊዜ ይዞራል፤ ከልኩ በላይ የተሞላውን ዘይት በዚህ ፍጥነት እየመታ አየሩን ከዘይቱ ጋር ሲለውሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ኮፓው ዘይት የሚመስል አረፋ ይይዛል። ዘንጉ ዘይቱን ለመምታት የሚያወጣው ጉልበት መንኮራኩሩን ሊያዞር የሚገባው ጉልበት ስለሆነ፣ ባለመኪናው በማደያ ሰልፍ ላይ ያገኘውን ቤንዚን ከፊሉን ዘይት ለመናጥ ያውለዋል ማለት ነው።

ፓምፑ ዘይት አገኘሁ ብሎ አረፋ ሲስብ የሚከተለው ጣጣ ከአንድ ቀላል የተፈጥሮ ጠባይ ይመነጫል፤ ዘይት ሲጨመቅ እጅግም አይኮማተርም፣ አየር ግን ይኮማተራል። በቫልቮች አካባቢ ክፍተትን በዘይት ግፊት የሚያስተካክሉ ጥቃቅን ክፍሎች ያሉት ሞተር ከሆነ፣ እነዚህ ክፍሎች በአየር የተሞላ ዘይት ሲደርሳቸው ግፊቱን ተቀብለው ከማስተላለፍ ይልቅ ይሰምጣሉ፤ ከሞተሩ አናትም ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ይሰማል። የዘይት ግፊቱ ስለሚዋዥቅ በመሪው ፊት ያለው ቀይ የዘይት መብራት፣ በተለይ በኩርባና በፍሬን ላይ፣ ብልጭ ድርግም ሊል ይችላል። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ለኮሜዲ ጸሐፊ የሚመች ነው፤ ባለመኪናው ድምፁን ሰምቶ፣ መብራቱን አይቶ፣ ዘይት አንሶታል ብሎ ይደመድማል፤ ከመንገድ ዳር ሱቅም አንድ ሊትር ገዝቶ ይጨምርበታል። የዘይት መብዛትና የዘይት ማነስ ምልክታቸው አንድ መሆኑ በሞተር ሥራ ውስጥ ካሉት ግፎች ሁሉ የከፋው ነው።

ዘይት ከልኩ በታች ሲወርድም አረፋ እንደሚፈጠር ማስታወስ ተገቢ ነው፤ የፓምፑ መሳቢያ አፍ ከዘይቱ ወለል በላይ ሲጋለጥ አየር ይውጣል፤ የመሳቢያው ቱቦ መጋጠሚያ ሲለቅም እንዲሁ። ወንፊቱ ከተደፈነ ደግሞ ፓምፑ በብርቱ ሲስብ በመሳቢያው በኩል ግፊቱ ስለሚወርድ ቀደም ሲል የተነገረለት የሟሟ አየር ከተሸሸገበት ይወጣል፤ የሄንሪ ሕግ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራልና።

ከጉዳቶቹ ሁሉ ለአእምሮ የሚያስደንቀው በአየር ኳሶቹ ላይ ግፊት በድንገት ሲበረታባቸው የሚሆነው ነው። አየር በፍጥነት ሲጨመቅ ይግላል፤ ሩዶልፍ ዲዝል ስሙን የተሸከመውን ሞተር የሠራው በዚሁ መርሕ ላይ ተመሥርቶ ነው። በዘይት ውስጥ ያለች ደቃቅ የአየር ኳስም ከዝቅተኛ ግፊት ወደ ከፍተኛ ግፊት በቅጽበት ስትገባ በውስጧ ያለው ሙቀት ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል፤ በዙሪያዋ ያለውንም ዘይት ለብልባ ታጠቁረዋለች። ማንም ሳያዝዘው በዘይቱ ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ናፍጣ ሞተሮች ይነሣሉ ማለት ነው፣ ሊብሬም የላቸው፣ ቦሎም አይጠየቁ። አየር ከዘይቱ ጋር የሚገናኝበት ገጽ በመስፋቱም ዘይቱ ከኦክስጅን ጋር ቶሎ ተዋሕዶ ያረጃል፤ አየር ሙቀትን በደንብ ስለማያስተላልፍ ማቀዝቀዙ ይሰንፋል፤ በኩሽኔታው ላይ የሚዘረጋው ሽፋንም ቦታ ቦታው ባዶ ስለሚሆን ብረት ብረትን ያገኘዋል።

ፋብሪካዎች ለዚህ ያዘጋጁት መድኃኒት በብዛት ሲሊኮን ዘይት ሲሆን፣ በኬሚስቶች አጠራር ፖሊዳይሜቲልሲሎክሴን ይባላል። የሥራው ጥበብ ባለመሟሟቱ ላይ ነው፤ በዘይቱ ውስጥ በጥቃቅን ጠብታዎች ተበትኖ ይቆይና የአረፋ ግድግዳ ሲያገኝ ላዩ ላይ ይዘረጋል፤ የገጽ ውጥረቱ፣ ማለት የፈሳሹ ወለል ራሱን ሰብስቦ ለመያዝ ያለው ኃይል፣ ከዘይቱ ያነሰ ስለሆነ ሲዘረጋ የግድግዳውን ፈሳሽ ወደ ጎን እየገፋ ያሳሳዋል፤ ግድግዳውም ይፈነዳል። መጠኑ እጅግ ትንሽ ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ዘይት 10 ክፍል የሚሆን ሲሊኮን ብዙ ሥራ ይሠራል፤ ይህም ለ4 ሊትር ጋሎን ሲሰላ አንድ ጠብታ እንኳ በቅጡ አይሞላም። የመጨመር ፍቅር በዚህም ላይ አይሠራም፤ ይህ መድኃኒት ከልኩ ካለፈ አረፋውን ሊያባብሰው ይችላል፤ በልኩም ሆኖ እንኳ ከወለሉ በታች ያሉት ጥቃቅን ኳሶች ወጥተው ማለቃቸውን ያዘገያል። ላይ ላዩን ያጠራውን ውስጥ ውስጡን ስለሚያደበዝዝ፣ የዘይት ቀማሚ ሥራ በሁለቱ መካከል ሚዛን መጠበቅ ነው። በየሱቁ ከሚደረደሩት ተአምረኛ ጠርሙሶች አንዱን ከተዘጋጀ ዘይት ላይ መገልበጥ ይህን ሚዛን ሳያውቁ መንካት ነው።

ሲሊኮን ሲነሣ የጋራዡ ሲሊኮን ሳይጠቀስ አይታለፍም። በቱቦ እየተገዛ በመጋጠሚያዎች መካከል የሚገባውን ጓርኒሲዮን ለመተካት የሚቀባው ማጣበቂያ ከፀረ አረፋው ዘይት ጋር በስምና በትውልድ ቢዛመድም ሥራው ሌላ ነው፤ አንዳንድ መካኒኮች ግን ክፍተት ባዩበት ሁሉ እስኪፈስ ድረስ ያዳርሱታል። ከኮፓው መጋጠሚያ ወደ ውስጥ የተረፈው ማጣበቂያ ደርቆ ሲቆራረጥ ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል፤ ፓምፑም ትንፋሽ ያጥረዋል። ዘይት እንዳይንጠባጠብ የተደረገ ጥረት ዘይት እንዳይሳብ አድርጎ ያርፋል።

የአረፋ ጉዳይ ለጋራዥ ክርክር ብቻ አልተተወም። ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም ዲ892 በተባለው የላቦራቶሪ ፈተና በመስፈሪያ ብርጭቆ ውስጥ ባለ ዘይት ሥር በቀዳዳማ ኳስ በኩል ለ5 ደቂቃ አየር ይነፋል፤ የተነሣው አረፋ ይለካል፤ ከዚያም ነፋሱ ቆሞ ለ10 ደቂቃ ይጠበቅና የቀረው ይለካል፤ ይህም በመጀመሪያ በ24 ዲግሪ፣ ቀጥሎ በ93.5 ዲግሪ፣ በመጨረሻም እንደገና በ24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደገማል። የተማሩ ሰዎች ነጭ ካፖርት ለብሰው፣ ሰዓት ይዘው አረፋ እስኪሟሽሽ የሚጠብቁበት መሥሪያ ቤት መኖሩ፣ ድራፍት ቤት ተቀምጠው በነጻ ያንኑ ለሚሠሩት ሰዎች ሳያስቀና አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ በፎርድ የጭነት መኪኖች ላይ የተገጠመው 7.3 ሊትር የናቪስታር ናፍጣ ሞተር ደግሞ ነገሩን አከበደው፤ ይህ ሞተር ነዳጁን ወደ ሲሊንደር የሚረጨው በሞተሩ ዘይት ግፊት እየታገዘ ስለነበረ፣ አየር የበዛበት ዘይት ሲደርሰው የነዳጁ መጠንና ሰዓት ይዛባ ነበር። ስለዚህም የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት በሚያወጣቸው ደረጃዎች ውስጥ በዚሁ ሞተር ላይ የሚካሄድ የአየር ፈተና ገባ፤ ሲ.ኤች-4 እና ሲ.አይ-4 በተባሉት ደረጃዎችም በዘይቱ ውስጥ የሚገኘው አየር ከ8 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ሥራ ላይ የዋለው ሲ.ኬ-4 ፈተናውን ወደ ካተርፒላር ሲ13 ሞተር አዛውሮታል። በናፍጣ ዘይት ጋሎን ጀርባ ላይ የሚነበቡት እነዚህ ፊደላትና ቁጥሮች ከውስጣቸው የአረፋ ሕግም አለባቸው፤ ሕጉ ግን የሚጠብቀው በልኩ የተሞላ ሞተርን ነው።

አረፋን ከሌላ ችግር መለየትም ያስፈልጋል። ሞተሩ ሳይሞቅ በሚጠፋበት የአጭር ርቀት ምልልስ፣ በተለይ በክረምት፣ ከቃጠሎ የሚወጣው ተን በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ተጠራቅሞ ከዘይቱ ጋር ሲቀላቀል ወፍራም ክሬም መሰል ነገር ይሠራል፤ ይህን ያየ ችኩል መካኒክ ቴስታታ፣ ማለት የሞተሩ አናት፣ ይውረድ ሊል ይችላል። የራዲያተር ውኃ በእርግጥም በተበላሸ የቴስታታ ጓርኒሲዮን በኩል ወደ ዘይቱ ሊገባ ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን የሚነጣው በመለኪያው ዘንግ የሚወጣው ዘይት ጭምር ነው፣ የራዲያተሩም ውኃ ይጎድላል። ጥርጣሬ ሲኖር ጥቂት ዘይት በብርጭቆ ቀድቶ ማሳደር ከቴስታታ ማውረድ ይረክሳል፤ አየር ብቻ ከሆነ ዘይቱ ጠርቶ ያድራል፣ ውኃ የተዋሐደው ግን እንደደፈረሰ ያድራል።

መለካቱ ራሱ ጥቂት ትዕግሥት ይጠይቃል። መኪናው በደልዳላ ቦታ መቆም አለበት፣ በአዲስ አበባ ደልዳላ ቦታ ማግኘት ከመለካቱ የበለጠ ሥራ ቢሆንም፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ወደ ላይ የወጣው ዘይት እስኪወርድ፣ አረፋም ካለ እስኪሟሽሽ፣ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ሌላ ካላዘዘ በስተቀር ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መጠበቅ ይበቃል፤ ዘንጉ ወጥቶ፣ ተጠርጎ፣ ተመልሶ ገብቶ ሲወጣ የሚያሳየው ልክ እውነተኛው ነው። በብዙ ትናንሽ መኪኖች በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሊትር ገደማ ስለሆነ፣ ዘይቱ ከታችኛው ምልክት ከፍ ብሎ ከተገኘ ሙሉ ሊትር መጨመር ከልክ ያሳልፋል። ከላይኛው ምልክት በላይ የወጣ ዘይት ከተገኘ መኪናው ረጅም መንገድ ከመውጣቱ በፊት ሊቀነስ ይገባል፤ ለዚህም የኮፓውን ቡሎን መፍታት ግድ አይደለም፤ ትልቅ ሲሪንጅና በመለኪያው ቀዳዳ የሚገባ ቀጭን ቱቦ ይበቃል። መካኒኮች የዘይቱን ልክ ከጋሎኑ መጠን ሳይሆን ከመለኪያው ዘንግ ቢያነቡ፣ የተረፈውንም ክዳኑን ገጥመው በደንበኛው እጅ ቢያስረክቡ፣ ባለመኪኖችም ተረፉን ያለ ጥርጣሬ ተቀብለው ለሚቀጥለው ጊዜ ቢያኖሩት ይለመናሉ።